የሚከፍለው ማነው?
(ስለ ክረምት ዕቅዳችንና ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቁ የጊዜ ማሳለፊያዎች)



ክረምት ሲገባ በመካከላችን አንድ ልማድ አለ። ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሻችን ክብ ሠርተን እንቀመጥና እያንዳንዳችን ክረምቱን በምን እንደምናሳልፈው እንናገራለን። አንዱ የሚከብደውን ሒሳብ ከሥሩ ጀምሮ እንደሚያጠና፣ አንዷ ገጠር ወርዳ አያቷን እንደምታግዝ፣ ሌላው በገና ለመማር እንዳሰበ ይናገራል። ጸሐፊያችንም ሁሉን በመዝገብ ያሰፍራል። በጳጉሜን ይኸው መዝገብ ተገልጦ ይነበባል፤ ያን ጊዜ አብዛኞቻችን አንገታችንን ደፍተን መሬት መሬቱን እናያለን።

በዚህ ክረምት መጀመሪያ ላይ ግን ያልተለመደ ነገር ተፈጠረ። አንድ ወንድማችን ተራው ሲደርስ ተነሣና፣ «የዘንድሮው ዕቅዴ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ምኞቴ ነው፤ ገንዘብ ባገኝ በመኪና እሽቀዳደማለሁ፣ ከዚያም ትንሽ አውሮፕላን ማብረር እማራለሁ። ለእንጀራ አይደለም፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከመካከላችን አንዱ፣ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ብሎ ተረተበት። ሌላውም ወንድማችን ባለፈው እሑድ የታክሲ መበደሩን ያውቅ ነበርና፣ «በመጀመሪያ የታክሲውን ክፈል» አለው። ሳቁ ጨመረ። ወንድማችንም አብሮን ፈገግ አለና ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያም በሚቀጥለው አልመጣም።

በሦስተኛው እሑድ በበሩ አጠገብ ጧፍ የሚሸጡት እማማ፣ «ያ ረጅሙ ልጅ የት ጠፋ?» ብለው ጠየቁን። የሆነውን ነገርናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ስንነግራቸውም ትንሽ ስቀናል። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ውድ ነው፣ ርካሽ ነው እያላችሁ ተሳለቃችሁበት። የሚከፍለው ማነው ብላችሁስ ጠየቃችሁ?» አሉንና ወደ ጧፋቸው ተመለሱ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ የተወለደ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ፣ እንጀራ የማያበላ፣ ደስታ ብቻ የሚሰጥ ነገር መመኘት ጥፋት ነውን? ጥፋት ከሆነስ የማን ነው? እስቲ አብረን እንመርምረው።

፩. ነገሩ አዲስ አይደለም

ከቤተ ክርስቲያናችን ወጥተን ወደ አደባባዩ ስንሄድ ሁለት ፈረሰኞችን እናያለን። አንደኛው በውስጥ በሥዕሉ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሁለተኛው በውጭ በሐውልቱ ላይ ያሉት ዐፄ ምኒልክ ናቸው፤ ሐውልቱ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀ ነው። አባቶቻችን ፈረስ ይወድዱ ነበር። በጃን ሜዳ ጉግስ ለመጫወት ግን ፍቅር ብቻውን አይበቃም። ፈረሱ ገብስ ይበላል፤ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ጌጡ፣ የሚያጥበውና የሚያበላው አሽከር ሁሉ ወጪ ነው። እንግዲህ ጉግስ በዘመኑ እንደ ዛሬው የመኪና እሽቅድምድም ውድ የጊዜ ማሳለፊያ ነበረ ብንል አልተሳሳትንም።

ይሁንና በሰላም ጊዜ በጨዋታ የሠለጠነ ፈረሰኛ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ለአገር ተርፏል። ስለዚህ ጨዋታው ከንቱ ነበር ለማለት አንደፍርም። በሌላ በኩል ደግሞ የጌታውን ፈረስ የሚቀልበው ገብስ ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ፣ ያረሰውና ያጨደው ባላገሩ ነበር። ፈረሱን ሲያስጋልብ ያልታየ፣ በጉግሱ ቀን ያልተጨበጨበለት ሰው ነው ወጪውን የቻለው። የእማማ ጥያቄ ከሐውልቱ ጀርባ ድረስ ይከተለናል ማለት ነው።

መኪናም ወደ አገራችን የገባው ከሞላ ጎደል እንደ ጀብዱ ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ መንገድ ባልተሠራበት በረሃና ተራራ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ አስገባ፤ ዐፄ ምኒልክም ደስ ብሏቸው ተሳፈሩባት። አውሮፕላን ደግሞ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ደረሰ። ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን አብራሪው አንድሬ ማዬ ነበር። በነሐሴ ጭጋግ ውስጥ ያን ድምፅ የሰማ የአራዳ ሰው ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም። ዓመት ከጥቂት ሳይሞላ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የተባሉ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው አብራሪ ሆኑ። ከጠላት ወረራ በፊትም ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ማብረር መማር ጀምረው ነበር። እነዚህ ሁሉ በዘመናቸው ሳይሳቅባቸው የቀሩ ይመስላችኋልን? በሴት አብራሪ የሳቀ ሰው በልጅ ልጆቹ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን አላየም እንጂ ቢያይ ኖሮ ያፍር ነበር።

፪. ሦስቱ ክሶች

በወንድማችን ላይ የሳቅነው ለምንድን ነው ብለን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ ሦስት ምክንያቶች ወጡ። እያንዳንዱን በየተራው እንመዝነው።

የመጀመሪያው ክስ፦ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለድሆች ቢሰጥ አይሻልም ነበርን?»

ወጪው ቀላል አለመሆኑን አንክድም። ለግል ደስታ ትንሽ አውሮፕላን ለማብረር ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት በመደበኛው ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር አለበት። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ የመማሪያ አውሮፕላን በሰዓት 30 ሊትር ያህል ነዳጅ ይጠጣል። ይህም ለትምህርቱ ብቻ 1,200 ሊትር መሆኑ ነው። የአስተማሪው፣ የመካኒኩ፣ የማረፊያው ክፍያ ሌላ ነው። በተጨማሪም ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተራ ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። በክረምት ደግሞ ደመናው ዝቅ ብሎ እንጦጦን ሲሸፍን ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ለመዝናናት የሚነሣ ሰው ጀግና ሳይሆን ሞኝ ነው። መኪናም ቢሆን ለእሽቅድምድም ሲዘጋጅ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መለዋወጫው ሁሉ ኪስ ያራቁታል።

ስለዚህ ክሱ መሠረት አለው። በደጀ ሰላማችን በየእሑዱ እጁን የሚዘረጋ ሰው ተቀምጦ ሳለ 1,200 ሊትር ነዳጅ ለደስታ ማቃጠል ኅሊናን ይቆረቁራል። ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። በወንጌል የምናውቃት ያቺ ሴት ውድ ሽቱዋን ባፈሰሰች ጊዜ፣ «ተሽጦ ለድሆች በተሰጠ» ብሎ የተቆጣው ማን እንደ ነበር እናስታውስ። የድሆች ነገር ገዶት አልነበረም፤ የገንዘብ ከረጢቱን የያዘው እርሱ ነበር። ድሀን የክርክር ዱላ አድርጎ ሌላውን የሚመታበት ሰው ሁሉ ድሀን ይወድዳል ማለት አይደለም። እኛም ያን ዕለት በወንድማችን ስቀን ስንወጣ፣ በበሩ ከተቀመጡት ለአንዱ እንኳ ሳንቲም የሰጠ አልነበረም። ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

ሁለተኛው ክስ፦ «ሕይወትን በከንቱ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።»

ይህኛው ከፊተኛው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1955 በፈረንሳይ አገር በለ ማን በተደረገው የመኪና እሽቅድምድም አንዲት መኪና ተወርውራ ከተመልካቾች መካከል ገብታ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ውድድሩ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው መቀጠሉ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኢጣልያ ሚሌ ሚልያ በተባለው የገጠርና የከተማ መንገዶችን በሚያቋርጥ ውድድር፣ አንድ ተሽቀዳዳሚ ከረዳቱ ጋር ሲሞት በመንገድ ዳር ቆመው ያዩ የነበሩ ዘጠኝ ሰዎችንም ይዞ ሄደ፤ ከእነርሱም ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። በዚህ ምክንያት ያ ውድድር በቀድሞው መልኩ ዳግመኛ አልተካሄደም። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሚታወቀው የሳፋሪ ራሊ ግን፣ ዘመናት ተለዋውጠውበት፣ ዛሬም ሺሕ ተመልካች ይሰበስባል። ሰው አቧራውን እየጠጣ በደስታ ይጮሃል።

በትምህርት ቤት የተማርነውን እናስታውስ። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በጊዜ የሚቆም መኪና በ80 ሲሄድ በዚያው ቦታ ላይ የቆመውን ሕፃን አልፎ ነው የሚቆመው። አንዳንድ ሌሊት ከቸርችል ጎዳና በኩል የሚያጓራ የመኪና ድምፅ ከእንቅልፋችን ያነቃናል። ባዶ አስፋልት አገኘን ብለው የሚሽቀዳደሙ ናቸው። አስፋልቱ ግን ባዶ አይደለም። ጠራጊዋ እናት በሌሊት ነው የምትነሣው። ጥበቃው በዚያው ያድራል። ለኪዳን የምንወጣውም እኛው ነን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የሰው ሕይወት ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በተከለለ ሜዳ፣ ራስ ቁር ደፍቶ፣ በደንብና በዳኛ የሚወዳደር ሰው የሚያስይዘው የራሱን ሕይወት ነው፤ ያም ቢሆን የራሱ ብቻ እንዳልሆነ እናቱ ትመሰክራለች። በሰፈር መንገድ የሚሽቀዳደመው ግን ያልጠየቀውን ሰው ሕይወት ነው የሚያስይዘው። ደስታው የእርሱ፣ ክፍያው የመንገደኛው ይሆናል። ይህ የጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን በደል ነው፤ መኪናው በስጦታ ቢገኝና ነዳጁ በነፃ ቢሆን እንኳ በደልነቱ አይቀርም። ስለዚህ ርካሽ ሆኖ የሚያስኰንን ነገር እንዳለ፣ ውድ ሆኖ የማያስኰንንም ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ክስ፦ «ለታይታ ነው።»

በዚህ ላይ የአገራችን ታሪክ ሁለት ሰዎችን አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ ያስተምረናል። ሁለቱም ጥቁሮች፣ ሁለቱም ከአሜሪካ የመጡ በራሪዎች ናቸው።

አንደኛው ሁበርት ጁሊያን ነው። ትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ በሃርለም ከሰማይ በጃንጥላ እየዘለለ ስሙን ያስጠራ፣ ደማቅ ልብስና ጭብጨባ የሚወድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ለዘውድ በዓሉ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከበዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጥቂት አውሮፕላኖች አንዷን ይዞ ተነሥቶ ሰበራት፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ድፍረት አልጎደለውም። የሰበራት አውሮፕላን ግን የእርሱ አልነበረችም፤ የከፈለችው አገር ናት።

ሁለተኛው ጆን ሮቢንሰን ነው። ማብረር ለመማር ሲመኝ በቆዳው ቀለም ምክንያት የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጣ። ታዲያ ምን አደረገ? በዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። መጥረጊያውን ይዞ ወለሉን እየጠረገ ትምህርቱን በጆሮው ለቀመ። በመጨረሻም ትጋቱን አይተው ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ1935 ጠላት ሊወርረን ሲዘጋጅ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መካከል መልእክት እያመላለሰ አገለገለን። ከድል በኋላም እ.ኤ.አ. በ1944 ተመልሶ ወጣቶቻችንን ማብረር አስተማረ። በዚሁ በአዲስ አበባ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1954 ዐረፈ። እርሱ ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገድ ካፒቴን ሆነ።

ሁለቱም ሰማይን ወደዱ። የወደዱት ነገር አንድ ሲሆን የወደዱበት መንገድ ግን ተለያየ። አንደኛው በሌላው ሰው ንብረት ታየ። ሌላኛው ክፍያውን በመጥረጊያ፣ በትዕግሥት፣ በመጨረሻም በሕይወቱ ራሱ ከፈለ። ከዚህ የምንማረው፣ ታይታ በአውሮፕላኑ ውስጥ ሳይሆን በሰውዬው ልብ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ነው። በሃያ ብር ቆብም መታየት ይቻላል።

፫. «ለእንጀራ አይደለም» ስለሚለው ቃል

አንዳንዶቻችን፣ «ጥቅም የሌለው ነገር ሁሉ ብክነት ነው» የሚል አሳብ አቀረብን። ለዚህ መልስ ይሆነን ዘንድ ሻምበል አበበ ቢቂላን እናስታውስ። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ይህ ሰው በ1961 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ በስጦታ ያገኛትን ቮልስዋገን ሲነዳ ተገልብጣበት ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። ዓለም ያጨበጨበላቸው እግሮች ዝም አሉ። በሕክምና ላይ ሳለ ግን ቀስትና ዒላማ ያዘ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ከሌሎች ጋር ተወዳደረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርዌይ ውስጥ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ተንሸራታች በ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። ቀስቱም በረዶውም እንጀራ አላበሉትም። ነገር ግን ልቡ እንዳይሞት አድርገውታል ብንል ማን ይከራከረናል?

ሰው በሥራ ብቻ አይኖርም፤ የደስታውም ነገር የሰውነቱ ክፍል ነው። መዝሙር የምናጠናው፣ በገና የምንደረድረው ለእንጀራ አይደለም። እንግዲህ ጥያቄው «ጥቅም አለው ወይ?» ብቻ ከሆነ ራሳችንንም እንከስሳለን።

፬. ወደ ራሳችን ብንመለከት

አውሮፕላን ሩቅ ነው፤ ቅርቡን እናስላ። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን 5 ያለው ጊዜ 65 ቀን ነው። ከመካከላችን በቀን ሁለት ሰዓት ስልኩን እየነካካ የማያሳልፍ ካለ እጁን ያውጣ ብለን በስብሰባ ጠየቅን፤ የወጣ እጅ አልነበረም። ሁለት ሰዓት በ65 ቀን ሲባዛ 130 ሰዓት ይሆናል። የአውሮፕላን አብራሪ ፈቃድ የሚጠይቀው 40 ሰዓት በረራ ነበር። እኛ ተቀምጠን በአንድ ክረምት የምናቃጥለው ጊዜ የዚያ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል! በወንድማችን ሰማይ ስቀን እኛ በመሬት ላይ ስንት ሰማይ እንደምንጥል አላሰብንም።

የገንዘቡም ነገር እንደዚሁ ነው። ለኢንተርኔት ጥቅል የሚወጣው፣ በፒያሳ ኬክ ቤት ጓደኛ እንዳይታማን ብለን የምንጠጣው ማኪያቶ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ «ዛሬስ ይገባል» እየተባለ በእግር ኳስ ውርርድ የሚነጠቀው ገንዘብ ተደምሮ ትንሽ አይደለም። በአንድ ቀን ጥቂት ስለሆነ ውድ አንለውም። በዚያ ላይ የእማማን ጥያቄ ስንጨምርበት ይብሳል። የሚከፍለው ማነው? እናታችን ለአስቤዛ ያስቀመጠችው፣ አባታችን የትራንስፖርት ብሎ የሰጠን ገንዘብ ነው። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምንኖረው ግን እንደ ጎረቤታችን ነው።

፭. ወደ አራብሳ ያደረግነው ጉዞ

ይህን ያህል ከተነጋገርን በኋላ ወንድማችንን ሳናይ ብንጽፍ ግብዝነት ይሆናል ብለን ሦስታችን ልንጠይቀው ሄድን። ቤታቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የኮሪደር ልማት ቤቶች ሲፈርሱ እነርሱም ወደ ቦሌ አራብሳ ተዛወሩ። ከፒያሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራብሳ፣ ዝናብ እየመታን፣ በሰልፍ እየተጋፋን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። በመንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገርንም። ሦስታችንም አንድ ነገር እያሰብን ነበር፤ እርሱ ይህን መንገድ በየእሑዱ ሌሊት እየተነሣ ይመላለሰዋል።

እናቱ በደስታ ተቀበሉን፤ ቡና አፈሉልን። በጨዋታ መካከል፣ «እሑድ ሲደርስ ከጎረቤት እየተበደረ ነው የሚመጣላችሁ። አንዳንዴ ለመመለሻ ሲያጥረው እስከ መገናኛ በእግሩ ይሄዳል። እኔ ቅርብ ያለው ቤተ ክርስቲያን አገልግል ብለው እምቢ አለኝ፤ ያደግሁት እዚያ ነው አለ» አሉን። የምንመልሰው ጠፋን። ከማንኛችንም ይልቅ ውድ የጊዜ ማሳለፊያ የያዘው እርሱ ነበር፤ ያም የጊዜ ማሳለፊያ እኛ ነበርን። ለእኛ ብሎ የተበደረውን ታክሲ ነበር ለሳቅ ያደረግነው።

ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ እንዲህ አለን፦ «የከፋኝ ስለ ሳቃችሁ አይደለም። አውሮፕላን ስላልሁ ሳይሆን ለእንጀራ አይደለም ስላልሁ ነው የሳቃችሁት። ፓይለት ሆኜ ቤተሰቤን እረዳለሁ ብል ኖሮ ታጨበጭቡ ነበር። ድሀ ለእንጀራ ብቻ እንዲመኝ ማን አዘዘ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም ሙሉ መልስ የለንም።

ከዚያ ደብተሩን አወጣ። ስንት ሰዓት፣ ስንት ሊትር፣ ስንት ዓመት መሥራት እንደሚያስፈልገው ሁሉን አስልቶታል። ከላይ የጻፍነው ሒሳብ ከእርሱ ደብተር የተወሰደ ነው። ግንብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ወጪውን ይቈጥራል የሚለውን ትምህርት ከሁላችን ይልቅ የፈጸመው እርሱ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ክረምት ደግሞ በአንድ ጋራዥ በለማጅነት ገብቷል፤ ከእኛ የቀረበት ሁለት እሑድ ግን በሥራ ሳይሆን በኀዘን ነበር።

የእማማን ጥያቄ አቀረብንለት። «የሚከፍለው ማነው?» ስንለው ብዙ አሰበ። «መኪናውን በተመለከተ በከተማ መንገድ አልሽቀዳደምም። ያደግሁት ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ቅያስ ውስጥ ነው። ሜዳ ከተገኘ እንጂ አይሆንም» አለ። «አውሮፕላኑስ? ገንዘቡን ብታገኝ እናትህ እንዲህ ሳሉ ትበርበታለህ?» ስንለው ወደ እናቱ አየና፣ «ገንዘቡን ያገኘሁ ዕለት ጠይቁኝ» ብሎ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን፤ የአሁኑ ሳቅ ግን የበፊቱ ዓይነት አልነበረም።

፮. ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጉዳይ ሁላችንም በአንድ አሳብ አልተስማማንም፤ እንደ ተስማማን አስመስለን መጻፍም አልፈለግንም። ከመካከላችን አንዱ፣ በደጃፉ የተራበ ሰው ሳለ ለደስታ ብቻ ያን ያህል ነዳጅ ማቃጠል በምንም ዓይነት አይገባም ይላል። ሌላዋ እኅታችን ደግሞ፣ የደስታን በር ለድሀ ዘግቶ ለሀብታም ብቻ መክፈት ራሱ ግፍ ነው ትላለች። ሁለቱም እውነት የያዙ ይመስለናል። ሁላችንም የተስማማንበት ግን ይህ ነው። አንድ ደስታ የሚመዘነው በዋጋው ትልቅነት ብቻ አይደለም። ዋጋውን ማን ይከፍላል? ያልተጠየቀ ሰው ይከፍልበታልን? ሰውየውን ትጉህና ታጋሽ ያደርገዋል ወይስ የሌላው ሸክም? ካስፈለገ ሊተወው ይችላል ወይስ ባሪያው ሆኗል? እነዚህ ጥያቄዎች በአውሮፕላን ላይ እንደሚሠሩ በስልካችንም ላይ ይሠራሉ።

ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ በክረምት ዕቅድ መዝገባችን ላይ አንድ አዲስ ረድፍ ተሠምሮበታል፤ ርእሱም «የሚከፍለው» ይላል። እያንዳንዱ ወንድምና እኅት ከዕቅዱ ጎን ወጪውን ማን እንደሚሸከመው በእጁ ይጽፋል። ሁለተኛ፣ ከሩቅ ለሚመጡ አባሎቻችን የትራንስፖርት የምትሆን አንዲት ሣጥን በአዳራሹ በር አጠገብ ተቀምጣለች። የሚያስገባም የሚያወጣም አይጻፍም፤ አይጠየቅምም። አንድ ማኪያቶ የተወ ሰው የሚያስገባው አያጣም።

ወንድማችን ባለፈው እሑድ መጥቷል። እጁ ላይ ግራሶ አልለቅ ብሎት ነበር። እማማ ገና በሩቅ ሲያዩት አንዲት ጧፍ መዝዘው ዘረጉለት፤ ሊከፍል ኪሱን ሲዳብስም፣ «ተወው፣ የዛሬውን እኔ ከፍያለሁ» አሉት።

በጳጉሜን መዝገቡ ሲነበብ ያገናኘን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።